የጌም ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቲቪ

በዚህ እትም ከመሐል አዲስ አበባ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። አብዛኞቹ ስለ ኳስ ጌም ናቸው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ጌምን የምንመዝነው በወጣበት ዓመት ወይም በስዕሉ ጥራት ብቻ አይደለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲጫወት፣ እጁ ያዘዘውን ስክሪኑ ወዲያው ካሳየውና ኢንተርኔት ሲጠፋ ጨዋታው ካልቆመ ጥሩ ጌም ነው እንላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። አራት ፒኤስ 4 አሉኝ። ጆይስቲክ ከገዛሁ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የግራው አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) ተጫዋቹን በራሱ መንዳት ይጀምራል። አልኮል ስናደርግበት ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ሁልጊዜ አዲስ መግዛት አላዋጣኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አልኮሉ የማያዛልቀው እርስዎ ስላላወቁበት ሳይሆን፣ አልኮል የሚያጥበው ቆሻሻ ብቻ ስለሆነ ነው። አናሎጉ ሥር በሁለት ጎኑ ፖቴንሽዮሜትር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ተለጥፈዋል። አንደኛው ግራና ቀኙን፣ ሌላኛው ላይና ታቹን ይለካል። በውስጣቸው ስስ የካርቦን ንጣፍ አለ፤ በላዩ ላይ የብረት ምላስ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ካርቦኑ ሲፋቅ መሐል ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ይዛባል፣ ማሽኑም አናሎጉ የተገፋ ይመስለዋል። የተፋቀ ካርቦን ደግሞ በአልኮል አይመለስም። የግራው ቀድሞ የሚያልቀው ኳስ ተጫዋች ሁሉ እሱን እስከ ጠርዙ ገፍቶ ስለሚይዘው ነው። ጆይስቲኩን ሲከፍቱ በአናሎጉ ዙሪያ እንደ ጠመኔ ብናኝ ያለ ነጭ ዱቄት ያገኛሉ፤ ዘንጉና የፕላስቲክ ቀለበቱ ተፋትገው ያወጡት ነው። እሱም ወደ ውስጥ ገብቶ ችግሩን ያባብሰዋል።

ከመክፈትዎ በፊት ይመርምሩ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኙና በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ የጌም ኮንትሮለር መሞከሪያውን ይክፈቱ። አናሎጉን ወደ አራቱም አቅጣጫ እየገፉ ይልቀቁት። የመስቀል ምልክቷ በለቀቁት ቁጥር ከመሐል ፈንጠር ብላ አንድ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ የመሐል ልኬቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ሳይነኩት እየዘለለች የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ካርቦኑ አልቋል፤ መድኃኒቱ መቀየር ብቻ ነው።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፍቱ። ሽፋኑን ሲለያዩ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ ስስ ጠፍጣፋ ኬብል ስላለ በኃይል አይሳቡ። የባትሪውን ሶኬት ነቅለው ቦርዱን ያውጡ። አንድ አናሎግ በ14 እግር ነው የተበየደው፤ ሦስት ሦስት የሁለቱ ፖቴንሽዮሜትሮች፣ አራት የመጫኛው በተን፣ አራት ደግሞ አካሉን የሚይዙ ወፍራም እግሮች። ብዙ ቦርድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካው የተጠቀመበት ሊድ አልባ ብየዳ ለማቅለጥ ስለሚያስቸግር፣ ባለሙያው ቸኩሎ ሲስበው በቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ሽፋን አብሮ ይወጣል። መጀመሪያ በእያንዳንዱ እግር ላይ ፍላክስ የሚባለው የብየዳ ቅባትና ትንሽ ባለ ሊድ ብየዳ ይጨመርበት። መበየጃው 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። ከዚያ በመምጠጫ ፓምፕ ወይም በመዳብ ሽሩባ አንድ በአንድ ይጽዳ። እግሮቹ ሁሉ ነጻ ከሆኑ አናሎጉ ራሱ ይወድቃል፤ ካልወደቀ አይሳቡት፣ ያልለቀቀ እግር አለ።

የሚተካው ዕቃ ላይ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ለፕሌይስቴሽን ቤት ሆል ኢፌክት የሚባለውን ያስገቡ። ያ በካርቦን ፈንታ በማግኔት ስለሚለካ የሚፋቅ ካርቦን የለውም። ችግሩ የማግኔቱ መሐል ከቦርዱ ልኬት ጋር እምብዛም አለመግጠሙ ነው። ስለዚህ ከተበየደ በኋላ ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር አገናኝቶ፣ በክሮም በሚከፈት የማስተካከያ ፕሮግራም መሐሉንና ጠርዙን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ባለሙያ «አዲሱም ያው ነው» ብሎ ይመልስልዎታል።

ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ግን ጆይስቲኩ ኦርጅናል ከሆነ ነው። የፒኤስ 4 ኦርጅናል ጆይስቲክ ቦርዱ ላይ ጄ-ዲ-ኤም በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር ቁጥር ታትሞበታል፤ ክብደቱ 210 ግራም ገደማ ነው። ፌኩ ቀለል ይላል፣ ብዙዎቹም ማስተካከያ ፕሮግራሙን አይቀበሉም። ባይከፍቱትም መለየት ይቻላል። የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ድምፅ ይሰማ እንደሆነ፣ መሐል ያለው ንክኪ ሰሌዳም ጣት ሲሄድበት ይሠራ እንደሆነ ይሞክሩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ጆይስቲኮቹን በቀለም ቁጥር ይስጧቸውና በየሳምንቱ በማሽኖቹ መካከል ያፈራርቋቸው። አለበለዚያ ደንበኛ የሚወደው ቦታ ላይ ያለው አንድ ጆይስቲክ ብቻውን ያልቃል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ፒኤስ 4 ስሊም አለኝ። ኤፍሲ 26 ልግዛ ወይስ የቆየውን ይዤ ልቀጥል? ጓደኞቼ አዲሱ በጣም የተለየ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ጓደኞችህ ያዩት የፒኤስ 5ቱን ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱ ማሽኖች ላይ የሚሸጠው ስሙ አንድ ቢሆንም ጨዋታው አንድ አይደለም። ከእውነተኛ ግጥሚያ የተቀዳውን የተጫዋቾች አካሄድና አሯሯጥ የሚያመጣው ሃይፐርሞሽን የተባለው ቴክኖሎጂ ፒኤስ 4 ላይ የለም። ስለዚህ በአንተ ማሽን ከዓመት ዓመት ጎልቶ የምታየው ለውጥ የተጫዋች ዝውውር፣ ማሊያ፣ ሜኑና መጠነኛ የአጨዋወት ማስተካከያ ነው።

ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ብቻ የምትጫወት ከሆነ ያገለገለ የኤፍሲ 24 ወይም የኤፍሲ 25 ሲዲ ይበቃሃል፤ የቀረውን ብር ለሁለተኛ ጥሩ ጆይስቲክ አውለው። አልቲሜት ቲም የሚባለውን፣ ተጫዋቾችን በካርድ እየሰበሰቡ በኦንላይን የሚጋጠሙበትን ክፍል የምትጫወት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሰበሰብከው ካርድ ወደ ቀጣዩ ዓመት ጌም አይሻገርም፤ ተጫዋቹም አዲሱ በወጣ ቁጥር ወደዚያ ስለሚሄድ አሮጌው ላይ ተጋጣሚ ይመነምናል። በየዓመቱ ከዜሮ ማስጀመሩን አንወደውም፤ ገንዘብ ከፍለህ ያገኘኸውን ካርድ ጭምር ነው ጥለህ የምትሄደው።

ያገለገለ ሲዲ ስትገዛ ገልብጠህ በብርሃን ተመልከተው። የፒኤስ 4 ሲዲ ብሉሬይ የሚባለው ዓይነት ነው፤ መረጃው የሚቀመጠው ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። ጠንካራ ሽፋን ስላለው ቀላል ጭረት አይጎዳውም፤ ጥፍርህን ስታሳልፍበት የሚይዝህ ጭረት ካለ ግን ተወው። ጌሙ መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ስለሚገለበጥ፣ ከተቻለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮፒው እስከ መጨረሻው እስኪደርስ ጠብቅ። የተጎዳ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው መንገድ ላይ ነው።

ከስቶር (ከፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት ሱቅ) ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለች እወቅ። የስጦታ ካርድ የሚሠራው አካውንቱ በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፤ የአካውንት አገር ደግሞ አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም። የአሜሪካ ካርድ ገዝቶ የእንግሊዝ አካውንት ላይ ማስገባት ብሩን ማባከን ነው። ለእኛ ሁኔታ ሲዲ ይሻላል፤ ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ ወይም ትለዋወጠዋለህ።

ጥያቄ፦ ፒኤስ 2 አውጥተን ፕሮ ኢቮሉሽን 6 ልንጫወት ፈለግን። በአዲሱ ጠፍጣፋ ቲቪ ስንሰካው ግን ስዕሉ ይደበዝዛል፣ ሹቱም ይዘገያል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በዚያ ላይ አንዳንዱን ሲዲ ያነባል፣ አንዳንዱን አያነብም። ማሽኑ አርጅቶ ነው? ከፒያሳ።

መልስ፦ መዘግየቱ የማሽኑ ሳይሆን የቲቪው ነው። በ2006 የወጣው ይህ ጌም ለእኛ እስከ ዛሬ ከተሠሩት የኳስ ጌሞች ሁሉ በእጅ ምላሽ የሚበልጠው ነው፤ የብራዚላዊው አጥቂ የአድሪያኖ 99 የሹት ኃይል ዝና ብቻ አይደለም ያቆየው። ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» እየተባለ እንኳ ሰው የወደደው፣ ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ጋር ያልተጣበቀ የራሱ ክብደት ያለው ነገር ስለሆነና በተኑ ሲነካ ወዲያው ስለሚታዘዝ ነው። ያንን ምላሽ ነው ቲቪያችሁ የሚበላው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፒኤስ 2 በብዛት የሚልከው ስዕል አንድ ጊዜ ጎዶሎ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ቁጥር መስመሮችን እያፈራረቀ ነው። ባለ ጀርባው የድሮ ቲቪ እንደመጣለት ይስለዋል። ጠፍጣፋው ግን ሁለቱን ግማሾች አጠራቅሞ ማዋሃድ፣ ወደ ራሱ ስፋት መለጠጥ፣ ከዚያም ማሳመር አለበት። በሰከንድ 60 ስዕል በሚያሳይ ጌም አንዱ ስዕል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ቲቪው በዚህ ሥራ አራት አምስት ስዕል ወደኋላ ከቀረ፣ በረኛው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው እናንተ የምታዩት።

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ። በመጀመሪያ ቲቪው ላይ ጌም ሞድን አብሩ፤ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሱና ጥርት የሚያደርጉ ማስተካከያዎችን በሙሉ አጥፉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ምንም አያስከፍልም። ቀጥሎ ባለ ሦስት ጫፉን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ኬብል ትታችሁ ኮምፖነንት የሚባለውን ባለ አምስት ጫፍ ኬብል ፈልጉ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ለስዕል፣ ነጭና ቀይ ለድምፅ። ድብዝዝታው በዚህ በብዙ ይቀንሳል። ቲቪያችሁ ይህን መሰኪያ ከሌለው ከፒኤስ 2 ጀርባ የሚሰካ የኤችዲኤምአይ መቀየሪያ አለ። በሱ ስትጠቀሙ በፒኤስ 2 የሲስተም ማስተካከያ ውስጥ የኮምፖነንት ቪዲዮ አወጣጡ በአርጂቢ ላይ ከሆነ ቀለሙ ይበላሻል፤ ወደ ሌላኛው ምርጫ መልሱት። መቀየሪያው ግን ስዕሉን ወደ ኤችዲኤምአይ ከማሻገር ውጪ የመስመር ማዋሃዱን ሥራ ለቲቪው ስለሚተው መዘግየቱን ብቻውን አያጠፋም።

እውነተኛውን ስሜት የፈለገ ባለ ጀርባ ቲቪ ይፈልግ። ምናለሽ ተራ አካባቢ ካገኛችሁ ማሽኑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት። ጠርዙ ላይ ቀለም የተንሻፈፈበትን ወይም ሲበራ ስዕሉ እየሰፋና እየጠበበ የሚመጣበትን ተዉ። ጀርባውን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይቀራል።

ስለ ሲዲው፦ የማይነበቡትን ገልብጣችሁ ቀለማቸውን እዩ። የፒኤስ 2 ጌሞች በሁለት ዓይነት ነው የወጡት። ሥራቸው ሰማያዊ የሆነው ሲዲ፣ ብርማው ዲቪዲ ነው። ማሽኑ ሁለቱን የሚያነበው በተለያየ ሌዘር ስለሆነ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊቀጥል ይችላል። ኮፒ ዲቪዲ ብርሃን የሚመልሰው ከኦርጅናሉ ያነሰ በመሆኑ የደከመ ሌዘር መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ሌንሱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ ሳትጫኑ ጥረጉት፤ ሲዲውን ከመሐል ወደ ጠርዝ እንጂ በክብ አትጥረጉ። ሌዘሩ ጨርሶ ካለቀ፣ ያላችሁን ጌም ወደ ፍላሽ ገልብጦ ኦፕን ፒኤስ 2 ሎደር በሚባል ፕሮግራም ማጫወት ይቻላል። ለዚህ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ፍሪማክቡት የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ያስፈልጋል። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት ይደረግ፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ የለበትም። ፋይሉ በፍላሹ ላይ ሳይበታተን መቀመጥ ስላለበት አዲስ ፎርማት አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ገልብጡ። የፒኤስ 2 ዩኤስቢ የድሮው ዘገምተኛ ዓይነት በመሆኑ ቪዲዮዎቹ ይቆራረጣሉ፤ ኳሱ ላይ ግን ብዙ አይታይም።

64 ወይም 128 ሜጋባይት የተባሉ ሚሞሪ ካርዶችን አትመኑ። የሶኒው ኦርጅናል 8 ሜጋባይት ነው፤ ትልልቆቹ የማስተር ሊግ ሴቫችሁን ይዘው የመጥፋት ልማድ አላቸው።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ስጫወት ስታክ ያደርጋል። የኢንተርኔት ፍጥነቴን ከፍ ላስደርግ? ከሜክሲኮ።

መልስ፦ አታስደርግ። አንድ የኳስ ግጥሚያ የሚፈልገው በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። የሚጎዳህ የደርሶ መልስ ጊዜው፣ ማለትም ፒንግ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሌላ ምንም እንቅፋት ባይኖር እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። መስመሩ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ በባሕር ኬብል ይዞራል። ይህን የትኛውም ፓኬጅ አያሳጥረውም።

በእጅህ ያለው መለዋወጡን መቀነስ ነው። ዋይፋዩን ትተህ ማሽኑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝ። ፒንግ ከፍ ያለ ግን የማይዋዥቅ ከሆነ እጅ ይለምደዋል፤ አንዴ 120፣ አንዴ 300 የሚሆነውን ማንም አይለምደውም። ስትጫወት በቤቱ ውስጥ አፕዴት የሚያወርድ ስልክና ላፕቶፕ አስቁም፣ የፒኤስ 4ቱንም ዳውንሎድ ጨምር። ጓደኛህ እዚሁ ሰፈር ሆኖ እንኳ ግጥሚያው በአውሮፓ ሰርቨር የሚያልፍ ከሆነ ሁለታችሁም ያንን መንገድ ነው የምትጓዙት። እሱ ቤት ሄደህ መጫወቱ በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የእኔን የልጅነት ጌም እንዲያዩ ባለ ካሴቱን ቲቪ ጌም ከነሽጉጡ ገዛሁላቸው። ዳክዬ መተኮሱ ላይ አንድም አይመታም። ሽጉጡ ተበላሽቶ ነው? ካሴቶቹም አንዳንዴ አይነሡም። ከተክለ ሃይማኖት፣ የሁለት ልጆች እናት።

መልስ፦ ሽጉጡ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ያልተስማማው ቲቪው ነው። ዳክ ሀንት በ1984 ሲሠራ ሽጉጡ ምንም ነገር አይተኩስም ነበር፤ ይልቁንም ብርሃን ያያል። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ላይ ነጭ ሳጥን ይወጣል። ሽጉጡ ጨለማውን ቀጥሎም ነጩን ካየ መትቷል ማለት ነው። ሁለት ዳክዬ ካሉ ሳጥኖቹ ተራ በተራ ስለሚወጡ፣ የትኛዋ እንደተመታች ማሽኑ በሰዓቱ ያውቃል። ጠፍጣፋ ቲቪ ያንን ነጭ ሳጥን አዘግይቶ ነው የሚያሳየው፤ ሽጉጡ ሲጠብቅ የነበረው ቅጽበት ያልፋል። የብርሃኑም ዓይነት ይለያል። ስለዚህ ባለ ጀርባ ቲቪ ካላገኙ በስተቀር ዳክዬዋን መምታት አይቻልም። ማሪዮንና ኮንትራን ግን በማንኛውም ቲቪ ይጫወቷቸዋል።

ካሴት ሲያስቸግር ሁላችንም እፍ እንል ነበር፤ ልጆችዎን አያስለምዷቸው። እፍ ካልን በኋላ የሚነሣው አውጥተን መልሰን ስለሰካነው ነው። ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው እርጥበት ግን የመዳብ ጥርሶቹን ቀስ በቀስ ያዝጋቸዋል። ጥርሶቹን 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉ፤ የጠቆረው ካልለቀቀ በነጭ ላጲስ በስሱ ያሹትና ብናኙን ያራግፉ። ደርቆ ሳያልቅ አይስኩት።

አዳፕተሩን ሲቀይሩ ይጠንቀቁ። ማሽኑ ሥር ወይም ጀርባው ላይ ቮልቴጁና የመሰኪያው መሐል ፕላስ ይሁን ማይነስ የሚያሳይ ትንሽ ስዕል አለ። ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ሰክቶ ማሽን ያቃጠለ ብዙ ነው። 9999999 ጌም አለው የሚለው ካሴት ላይ ደግሞ እውነተኞቹ ጌሞች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት እነዚያው ከሌላ ደረጃ ወይም በሌላ የነፍስ ብዛት እየጀመሩ የተደጋገሙ ናቸው። ለልጆችዎ የቱን እንደሚያሳዩ ካላወቁ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወተውን ኮንትራ ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ፔስ (ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር) 2021 ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ኢትዮጵያ ቡናን ማስገባት ይቻላል? ስቴዲየም አካባቢ ያለን ልጆች በጣም እንፈልጋለን።

መልስ፦ ይቻላል፣ ፒኤስ 4 ላይ በተለይ። የኤክስቦክሱ ከዩኤስቢ ማስገባት አይፈቅድም። ጌሙን የምንወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አምራቹ ያላስታወሰውን ሊግ ተጫዋቹ ራሱ ይሠራዋል።

በመጀመሪያ ዳታ ፓክ የሚባለውን የጌሙን ማሻሻያ ጫኑ፤ በኋላ ከጫናችሁት የሠራችሁት ሊዛባ ይችላል። ፍላሹን በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት አድርጋችሁ፣ በማንም ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በፍላሹ ላይ በቀጥታ አንድ ፎልደር ፍጠሩ። ስሙ ደብልዩ፣ ኢ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤስ የሚሉት አምስት ካፒታል የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጌሙ «ፋይል የለም» ይላችኋል። የማሊያና የአርማ ምስሎቹን እዚያ አስቀምጡና በኤዲት ሞድ ውስጥ ካለው የማስገቢያና የማስወጫ ገጽ አስገቧቸው። ከዚያ ስማቸው የፈጠራ ከሆኑት የሊግ ቡድኖች ሁለት መርጣችሁ ስም፣ አርማ፣ ማሊያና ተጫዋች ቀይሩባቸው። የቡና ቡኒና ቢጫ፣ የጊዮርጊስ ብርቱካናማና ቢጫ በቀለም ሰሌዳው ላይ በቀላሉ ይገኛሉ።

የተጫዋች ብቃት ስትሰጡ ራሳችሁን ግቱ። ለምትደግፉት ቡድን ሁሉ 90 ከሰጣችሁ ደርቢው ጣዕም ያጣል። ሁለቱንም ቡድን አንድ ሰው አይሙላ፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ የቡናን፣ የቡና ደጋፊ የጊዮርጊስን ይሙላና ተቀምጣችሁ ተከራከሩበት። ሲያልቅ ቡድኑን በዚያው ገጽ ወደ ፍላሹ አስወጡት፤ የወጣውን ፋይል ለሌላ ፒኤስ 4 መስጠት ይቻላል፣ ማሽኑ ቢበላሽም ሥራችሁ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ የድብድብ ጌሙ ቴከን ላይ ኤዲ ጎርዶ የተባለውን ተፋላሚ የያዘ ሰው ዝም ብሎ በተን እየደበደበ ያሸንፈኛል። ከስድስት ኪሎ፣ ተማሪ።

መልስ፦ ከቴከን 3 ጀምሮ ያለ ብሶት ነው። ኤዲ በተን በዘፈቀደ ሲመታ እንኳ ተከታታይ የሚያምር ርግጫ ስለሚያወጣ ቆመህ ስትከላከል ዝቅ ያለው ይገባብሃል፣ ዘለህ ስታመልጥ ሌላው ያነሣሃል። መፍትሔው ቁጭ ብሎ መከላከል ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። መሐል ላይ የሚያርፉት ርግጫዎቹ ቁጭ ያለን ሰው ይመታሉና፣ ቆመህ ጠብቅና እግር ጠራጊውን ስታይ ብቻ ታችና ኋላን ያዝ። ጠራጊው ከተመከተ በኋላ ኤዲ ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል፤ ከተቀመጥክበት ስትነሣ በምታወጣው ምት ቅጣው። ፈጣኑ ቡጢ የሚደርሰው በ10 ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። በማየት ሳይሆን በመጠበቅ ነው የሚቀደመው። ልምምድ ሞድ ላይ ኤዲን ጠራጊዋን ብቻ እንዲደጋግም አስይዘውና እጅህ እስኪለምድ መክት።

ጥያቄ፦ በስልኬ በፒፒኤስኤስፒፒ ኳስ እጫወት ነበር። አፑን አጥፍቼ ስጭነው ሴቬ በሙሉ ጠፋ። በቴሌግራም «ፔስ 2026» የሚል ፋይልም አገኘሁ፤ ይሠራል? ከልደታ።

መልስ፦ ፒፒኤስኤስፒፒ፣ ማለትም ፒኤስፒ የተባለውን የእጅ ጌም ማሽን በስልክ የሚያስመስለው ኢሙሌተር፣ መጀመሪያ ሲከፈት ፋይሎቹን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቅሃል። የአፑን የግል ቦታ ከመረጥክ አፑ ሲጠፋ ሴቩም አብሮ ይጠፋል። አሁን ስትጭነው ራስህ የፈጠርከውን ፎልደር ምረጥ። ሴቭህንም በጌሙ ሜኑ አድርገው፤ ሴቭ ስቴት የሚባለው ፈጣኑ አቋራጭ አፑ አፕዴት ሲሆን ላይከፈት ይችላል። ፒኤስፒ ዋናው ስክሪኑ 480 በ272 ስለሆነ ስልክህ ከጋለ ጥራቱን ወደ ሁለት እጥፍ አውርደው፤ በትንሽ ስክሪን ልዩነቱ አይታይም።

«ፔስ 2026» የተባለው ደግሞ ከዓመታት በፊት ለፒኤስፒ የወጣው ጌም ሆኖ ስምና ማሊያ የተቀየረለት ነው። አጨዋወቱ የድሮው ነው። የአይኤስኦ ፋይል (የጌሙ ዲስክ ግልባጭ) ሳይሆን አፕ ሆኖ ከመጣልህ አትጫነው። ኢሙሌተሩንም ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርድ፤ ነጻውና የሚከፈልበት ጎልድ ሥራቸው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፒኤስ 4ቴ «በትክክል አልተዘጋም» ይላል፣ አንዳንዴም ጌሞቹ አይከፈቱም። ዩፒኤስ ልግዛ? ከእሪ በከንቱ።

መልስ፦ ይግዙ፣ ግን የሚያነቡት ቁጥር ዋቱን ይሁን። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ፒኤስ 4 ሲጫወት 140 ዋት፣ ስሊሙ 80 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪ 50 ዋት ቢጨመርበት አንድ ማሽን ከነቲቪው በደንብ ይችላል። የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግጥሚያ ለመጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ በአግባቡ ለመዝጋት ይጠቀሙበት። ዩፒኤስ ከሌለዎት መብራት እንደሄደ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሲመጣ በሚፈጠረው መዋዠቅ ነውና እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ማሽኑን በረስት ሞድ፣ ማለትም ሳይጠፋ ተኝቶ በሚቆይበት ሁኔታ ትተው አይደሩ።

ጌሞቹ አልከፈት ሲሉ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ፒኤስ 4ቱ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን በተን ተጭነው ይያዙት፤ ከሰባት ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛው ድምፅ ሲሰማ ይልቀቁት። ሴፍ ሞድ ይከፈታል፤ ጆይስቲኩን በኬብል ያገናኙ። ከዝርዝሩ አምስተኛውን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ የሚለውን ይምረጡ። ይህ ማሽኑ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አይቶ ዝርዝሩን እንደገና እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ ጌምና ሴቭ አያጠፋም። ዲስኩ ከሞላ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል መብራቱ በተረጋጋበት ሰዓት ይጀምሩት። ስድስተኛውና ሰባተኛው ምርጫ ግን ያለዎትን በሙሉ ስለሚያጠፉ ጣትዎ እንዳይስት። ይህ ተደርጎም ችግሩ በየሳምንቱ ከተመለሰ ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር ያልበለጠ ማንኛውም ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ ይተካዋል፤ ከመቀየርዎ በፊት ግን ሴቮችዎን ወደ ፍላሽ ያውጡ።